የአበውን ምሳሌ የሰበሰበ ካህን፦ የኤራስሙስ ዘሮተርዳም የሕይወት ታሪክ

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ሲል ለኖረ ሕዝብ የምሳሌን ጥቅም ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በየቁምስናችን ሽማግሌዎች የተጣሉትን ሲያስታርቁ፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሕፃናትን ሲያስተምሩ፣ ካህኑም በመሥዋዕተ ቅዳሴ ጊዜ ወንጌልን ሲተረጕም፣ ረጅሙን አሳጥሮ የከበደውን አቅልሎ የሚያሳይ አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር ጣል ማድረግ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ምሳሌ እንዴት እንደሚያገለግል፣ መቼስ እንደሚጐዳ ቆም ብለን የምናስብበት ጊዜ እምብዛም ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ዕድሜውን በሙሉ የጥንት ሰዎችን ምሳሌ ሲለቅም የኖረውን፣ በዚህም ሥራው ለአውሮፓ ሥነ ጽሑፍና ንግግር ትልቅ ጐተራ የሞላውን የኤራስሙስን ሕይወት በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ያስተውሉልን።

ወላጅ አልባው ተማሪ

ኤራስሙስ በሆላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ በጥቅምት ወር መጨረሻ፣ በ1466 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ። የተወለደው ከጋብቻ ውጭ ነው፤ አባቱም የክህነት ማዕረግ የነበረው ሰው ነው። ይህ የልደቱ ነገር እስከ እርጅናው ድረስ በልቡ ውስጥ እንደ እሾህ ተሰክቶ ኖረ። እናቱ በዴቬንተር ከተማ ወደሚገኝ ዝነኛ ትምህርት ቤት አስገባችው፤ በዚያም የላቲንን ቋንቋ አጥብቆ ተማረ፣ የግሪክንም ቋንቋ ገና ከሩቁ አሸተተ። ነገር ግን በ1483 ዓ.ም. ገደማ የገባው ቸነፈር እናቱን ወሰደበት፤ ጥቂት ቆይቶም አባቱ ሞተ። እርሱና ታላቅ ወንድሙ በሞግዚቶች እጅ ወደቁ፤ ሞግዚቶቹም ልጆቹን ወደ ገዳም መራቸው።

በ1487 ዓ.ም. ገደማ የቅዱስ አውግስጢኖስን ሥርዓት ወደሚከተለው ወደ ስቴይን ገዳም ገባ፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1492 ዓ.ም. ቅስና ተቀበለ። የገዳሙ ኑሮ ለጠባዩም ለደካማ ጤንነቱም አልተስማማውም። መጻሕፍቱን ግን ወደደ። በ1493 ዓ.ም. የካምብሬ ጳጳስ የላቲን ጸሓፊያቸው ይሆን ዘንድ ወሰዱት፤ በ1495 ዓ.ም. ነገረ መለኮት እንዲማር ወደ ፓሪስ ሄደ። እዚያም ያረፈበት የሞንቴጉ ኮሌጅ ምግቡ የከፋ፣ መኝታው የቀዘቀዘ፣ ሥርዓቱም የጠነከረ ስለ ነበረ ጤናውን አጣ። ገንዘብ ስላልነበረውም የሀብታሞችን ልጆች በማስተማር ራሱን መርዳት ጀመረ።

የዶቨር ወደብና የመጀመሪያው መጽሐፍ

ከተማሪዎቹ አንዱ የእንግሊዝ መስፍን ልጅ የነበረው ዊልያም ብላውንት በ1499 ዓ.ም. ወደ አገሩ ወሰደው። በዚያም ሁለት ታላላቅ ወዳጆች አገኘ፤ አንደኛው በኋላ ሰማዕት የሆነው ቅዱስ ቶማስ ሞር፣ ሁለተኛው የቅዱስ ጳውሎስን መልእክታት በኦክስፎርድ ያስተምር የነበረው ካህን ጆን ኮሌት ነው። ኤራስሙስ ሊቅነት ቅዱሳት መጻሕፍትን ለማገልገል መዋል እንዳለበት ይበልጥ የተረዳው ከእነዚህ ወዳጆቹ ጋር በነበረበት ጊዜ ነው።

በጥር ወር 1500 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ለመመለስ ዶቨር ወደብ ሲደርስ ያልጠበቀው ነገር ገጠመው። በሕጉ መሠረት ገንዘብ ከአገር ይዞ መውጣት ክልክል ነበርና፣ የወደቡ ቀራጮች የያዘውን 20 ፓውንድ ያህል ገንዘብ ወረሱት። ሕጉ የውጭ አገር ገንዘብ አይመለከትም ብለው ያረጋገጡለት ወዳጆቹ ነበሩ። ባዶ እጁን፣ ታሞና ተክዞ ፓሪስ ገባ። ብዕሩ የተሳለ መሆኑን የሚያውቁ ሁሉ በእንግሊዝ አገርና በንጉሡ ላይ መራራ ነገር ይጽፋል ብለው ጠበቁ። እርሱ ግን በምሬት ፋንታ ሌላ ነገር አሰበ፤ ከጥንት የላቲንና የግሪክ ጸሐፊዎች የለቀማቸውን 818 ምሳሌያዊ አነጋገሮች በፍጥነት አሰናድቶ በዚያው ዓመት በፓሪስ አሳተመ፤ መጽሐፉንም ለዚያው ለእንግሊዛዊው ወዳጁ አበረከተለት። በኋላ እንዳስረዳው ያን ያደረገው ቂም እንዳልያዘ ለማሳየትና ወዳጆቹን ላለማጣት ነበር። ስሙን በዓለም ሁሉ ያስጠራው መጽሐፍ ከዝርፊያና ከሕመም መካከል እንዲህ ተወለደ።

ምሳሌ ለምን ይጠቅማል?

ኤራስሙስ ምሳሌን ሲሰበስብ ዝርዝር ብቻ አልጻፈም። ምሳሌ ማለት በሕዝብ አፍ የተለመደ፣ ነገር ግን በአንዳች ብልሃትና እንግዳ አቀራረብ የታወቀ ንግግር መሆኑን አስረዳ። ጥቅሙንም በአራት ከፈለው። አንደኛ፣ ምሳሌ የጥንት ሰዎች ጥበብ የተቀመጠበት ማሕደር ስለሆነ ለፍልስፍና ይጠቅማል። ሁለተኛ፣ ሰሚው አስቀድሞ ያመነበትን ነገር በምስክርነት ስለሚያቆም ሰውን ለማሳመን ይረዳል። ሦስተኛ፣ ንግግርን ያስጌጣል። አራተኛ፣ የጥንት ደራስያንን መጻሕፍት ለመረዳት ቍልፍ ይሆናል፤ ምሳሌውን የማያውቅ አንባቢ ቃሉን እያነበበ ምሥጢሩን ያልፈዋልና።

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ አክሎአል። ምሳሌ እንደ ቅመም እንጂ እንደ ምግብ እንዳይሆን አሳሰበ። በወጥ ውስጥ ጨው ሲበዛ ወጡ እንደሚጣል፣ ምሳሌ የተከመረበት ንግግርም ጣዕሙን አጥቶ ሰሚውን ያሰለቻል። በተገቢው ስፍራ የገባ አንድ ምሳሌ ግን እንደ ከበረ ድንጋይ ያበራል።

የእያንዳንዱን ምሳሌ ምንጭ ፈለገ፤ ማን እንደ ተናገረው፣ በምን ጊዜ እንደ ተባለ፣ ትርጕሙ እንዴት እንደ ተለወጠ መረመረ። በመጽሐፉ መክፈቻ ላይ ያኖረው ምሳሌ በወዳጆች መካከል ሁሉ ነገር የጋራ ነው የሚለውን ሐሳብ የያዘ ነው። አረማውያን ፈላስፎች የተናገሩት ይህ ሐሳብ ከክርስቲያናዊ ፍቅር ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ አመለከተ። ይህንንም በማድረጉ እውነት ከየትም ብትመጣ ምንጭዋ አንድ እንደሆነ ለአንባቢው አሳየ። ደግሞም ምሳሌ ሁሉ አንድ ነገር እንደማይናገር አልሸሸገም። ሰው ለሰው እንደ አምላክ ይሆናል የሚለውን አነጋገር ባኖረበት ገጽ፣ ሰው ለሰው ተኵላ ነው የሚለውን አጠገቡ አኖረው። እኛም ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ብለን በሌላ ቀን ሰውን ማመን ቀብሮ ነው እንላለን። ስለዚህ ምሳሌን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ የትኛው ለየትኛው ጊዜ እንደሚሆን የሚለይ አእምሮ ያስፈልጋል።

በቬኒስ ማተሚያ ቤት

በ1506 ዓ.ም. ወደ ኢጣልያ ተጓዘ፤ በ1508 ዓ.ም. በቬኒስ በታላቁ አታሚ በአልዶ ማኑዚዮ ቤት ለወራት ተቀመጠ። ማተሚያው በሚጮኽበት ክፍል አንድ ጥግ ይዞ ይጽፋል፤ የጻፈው ቀለሙ ሳይደርቅ ወደ ፊደል ለቃሚዎቹ ይወሰዳል። የኢጣልያና የግሪክ ሊቃውንት ገና ያልታተሙ የግሪክ ብራናዎቻቸውን ያለ ስስት አዋሱት። በአንጻሩ ከሰሜን አገር የሆነ አንድ ወዳጁ በጠርዙ ምሳሌዎች የተጻፉበትን መጽሐፍ እንዲያውሰው ቢለምነው እምቢ እንዳለው ኤራስሙስ ራሱ ጽፏል፤ ምክንያቱም ሊቃውንት በሕዝብ ዘንድ የሚደነቁበት ምሥጢር ይፋ ይወጣል የሚል ነበር። በወዳጆች መካከል ሁሉ የጋራ ነው የሚለው ምሳሌ በቬኒስ በሥራ ተገለጠ፤ በዚያ ሰው ዘንድ ግን በወረቀት ላይ ብቻ ቀረ።

በዚህ ቤት የታተመው አዲሱ መጽሐፍ 3,260 ምሳሌዎች ነበሩት። ከእነርሱ መካከል ቀስ ብለህ ቸኵል በሚል አሳብ የሚታወቀው ምሳሌ ሰፊ ማብራሪያ ተሰጠው፤ የአልዶ ማተሚያ ቤት ምልክት የነበረው በመልሕቅ ላይ የተጠመጠመ ዶልፊን የዚሁ ምሳሌ ሥዕል ነበርና። ኤራስሙስ እስኪሞት ድረስ መጽሐፉን ማስፋፋቱን አልተወም፤ በመጨረሻው በ1536 ዓ.ም. እትም ቍጥራቸው 4,151 ደረሰ። ዛሬ እኛ ሐሰተኛ ለቅሶን የአዞ እንባ ስንል፣ በዕውሮች አገር አንድ ዓይና ንጉሥ ነው ስንልም፣ እነዚህ አነጋገሮች ሁለቱም በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛሉ።

ሊቁ ስሕተትም አላጣውም። በግሪክ ተረት ፓንዶራ የተባለችው ሴት የከፈተችው ትልቅ የሸክላ እንስራ ነበር፤ ኤራስሙስ ግን ቃሉን ሣጥን ብሎ ተረጐመው። ከዚያ ወዲህ ዓለም ሁሉ የፓንዶራ ሣጥን ይላል። አንድ መምህር በቸልታ የለወጠው ቃል ለአምስት መቶ ዓመት በሰው አፍ ሊኖር እንደሚችል ይህ ለሁላችንም ትምህርት ነው።

ምሳሌ ለሰላም ሲቆም

ኤራስሙስ ምሳሌን ለጌጥ ብቻ እንዳልተጠቀመበት በጕልህ የታየው በ1515 ዓ.ም. በባዝል ከተማ በዮሐንስ ፍሮበን ማተሚያ ቤት በወጣው እትም ነው። በዚህ እትም አንዳንዶቹ ምሳሌዎች አድገው ሙሉ ድርሰት ሆኑ። ከሁሉ የታወቀው ጦርነት ላልቀመሱት ሰዎች ጣፋጭ መሆኑን የሚናገረው ጥንታዊ ምሳሌ ነው። ኤራስሙስ በ1506 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዩልዮስ 2ኛ በጦር ኃይል ወደ ቦሎኛ ሲገቡ በዓይኑ አይቶ ነበር፤ የክርስቲያን ነገሥታትም እርስ በርሳቸው ሲዋጉ ዘመኑን በሙሉ ተመልክቶአል። በድርሰቱ ሰው ሲፈጠር ቀንድና ጥፍር ያልተሰጠው፣ ለወዳጅነት የተሠራ ፍጥረት መሆኑን አሳየ፤ የተቃጠሉ መንደሮችን፣ የተበተኑ ቤተ ሰቦችን፣ የተራቈተ ገበሬን በአንባቢው ፊት አቆመ፤ በአንድ መሥዋዕት የሚካፈሉ ሰዎች እንዴት እርስ በርስ ይተራረዳሉ ብሎ ጠየቀ። ጥቂት ቃላት ያሉት ምሳሌ በካህኑ እጅ ሲከፈት የነገሥታትን ሕሊና የሚያንኳኳ ስብከት ሆነ።

በዚሁ እትም ስለ ሲሌኖስ ምስሎች የሚናገረውን ምሳሌ አስፋፋ። እነዚህ በውጭ ሲታዩ አስቀያሚ፣ ሲከፈቱ ግን የአምላክ መልክ የሚታይባቸው ትናንሽ ቅርጾች ነበሩ። ኤራስሙስ ይህን ምሳሌ ወደ ጌታችን ወደ ኢየሱስ ክርስቶስ አመጣው፤ በውጭ የአናጢ ልጅ፣ ድኻና የተናቀ፣ በመጨረሻም የተሰቀለ፤ በውስጥ ግን የጥበብና የሕይወት መዝገብ። ቅዱሳት መጻሕፍትም በቀላል ቃላቸው ሥር የተሰወረ ሀብት እንዳላቸው አስተማረ።

በትምህርት ቤት በኩልም ብዙ ሠራ። ጆን ኮሌት በለንደን ላቋቋመው ትምህርት ቤት በ1512 ዓ.ም. ስለ ንግግር ብልጽግና መጽሐፍ ጽፎ አንድን ተራ ዐረፍተ ነገር ከመቶ በላይ በሆነ መንገድ መናገር እንደሚቻል አሳየ፤ ተማሪዎች ያነበቡትን መልካም አባባልና ምሳሌ በየርእሱ ከፍለው በደብተራቸው እንዲያከማቹም መከረ። በ1516 ዓ.ም. ደግሞ የሐዲስ ኪዳንን የግሪክ ጽሑፍ ከላቲን ትርጕም ጋር አሳትሞ ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 10ኛ አበረከተ።

የተሳለ ምላስ ዋጋ

ይህ ሁሉ መልካም ሲሆን የኤራስሙስ ብዕር ጕዳትም አደረሰ። በ1511 ዓ.ም. በታተመው ስንፍናን በሚያወድሰው የሽሙጥ መጽሐፉ መነኰሳትን፣ የነገረ መለኮት ሊቃውንትንና ጳጳሳትን ሸነቈጠ። ከተናገረው ብዙው እውነት ነበር፤ ነገር ግን ፌዝ ያቈሰለው ሰው ምክሩን ለመስማት ጆሮ የለውም። በ1517 ዓ.ም. የማርቲን ሉተር ንቅናቄ ሲጀመር፣ ብዙዎች ለዚያ መንገድ የጠረገ እርሱ ነው ብለው ከሰሱት። የሉተር ወገኖች ደግሞ ፈሪ ነው አሉት።

ኤራስሙስ የቤተ ክርስቲያን መታደስ ይወድ ነበር፤ መለያየቷን ግን አልፈለገም። በ1524 ዓ.ም. ስለ ሰው ነጻ ፈቃድ ጽፎ የሉተርን ትምህርት ተቃወመ፤ ሉተርም በ1525 ዓ.ም. በኃይለ ቃል መለሰለት። ሁለት ወገን ሲጣላ መካከል የሚቆም ሰው ከሁለቱም በትር እንደሚቀምስ በራሱ ሕይወት አየ። በ1529 ዓ.ም. ባዝል የካቶሊክን ሥርዓት ስትተው፣ ቤቱንና ወዳጆቹን ትቶ ካቶሊካዊት ወደ ሆነችው ወደ ፍራይቡርግ ተሰደደ።

ለእኛ ልዩ ትርጕም ያለው አንድ እንግዳ በፍራይቡርግ በ1534 ዓ.ም. ተቀበለ፤ እርሱም ዳሚያዎ ደ ጎይሽ የተባለው ፖርቱጋላዊ ሊቅ ነው። ይህ ሰው ከአንድ ዓመት በፊት በሊዝቦን የአፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ከነበሩት ከአባ ጸጋ ዘአብ ጋር ተዋውቆ ነበር፤ አባ ጸጋ ዘአብ ስለ ኢትዮጵያውያን እምነትና ሥርዓት የጻፉትንም በ1540 ዓ.ም. በላቲን አሳትሞ ለአውሮፓ አስነበበ። አገራችንን ለአውሮፓ ሊቃውንት ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ በኤራስሙስ ማዕድ ለወራት እንደ ተቀመጠ ማወቅ ደስ ያሰኛል።

የመጨረሻው ሥራና ዕረፍቱ

ኤራስሙስ በእርጅናው ለብዙ ዓመታት ሲያዘገየው የነበረውን ትልቅ ሥራ ፈጸመ። ይህም ስለ ስብከት አገልግሎት የሚያስተምር ሰፊ መጽሐፍ ሲሆን በ1535 ዓ.ም. በባዝል ታተመ። በዚህ መጽሐፍ ሰባኪ ምሳሌንና ንጽጽርን እንዴት እንደሚጠቀም በሰፊው አስረዳ፤ ከሁሉ በፊት ግን የሰባኪው ልብ ንጹሕ እንዲሆን፣ የሚናገረውንም እንዲኖርበት አጠበቀ። ምሳሌን በመሰብሰብ የጀመረው ሕይወት ወንጌልን በመስበክ ትምህርት ተደመደመ ማለት ይቻላል።

በዚያው ዓመት ታላቅ ኀዘን ደረሰበት። በሰኔ ወር ይህን መጽሐፍ እንዲጽፍ ሲያበረታቱት የነበሩት ጳጳስ ቅዱስ ዮሐንስ ፊሸር፣ በሐምሌ ወር ደግሞ የልብ ወዳጁ ቅዱስ ቶማስ ሞር ለእምነታቸው ሲሉ በእንግሊዝ አንገታቸውን ተሰየፉ። ኤራስሙስ ከቶማስ ሞር ጋር የነፍሱ ግማሽ የሞተ ያህል ተሰማው። በሐምሌ 1536 ዓ.ም. እርሱም በባዝል ዐረፈ። ዕድሜውን በሙሉ በላቲን የጻፈው ሰው በመጨረሻ ሰዓት አምላኩን የጠራው በእናቱ ቋንቋ እንደ ነበረ ይነገራል። ከሀብቱ የበዛውን ለአረጋውያንና ለሕሙማን፣ ለድኻ ልጃገረዶች ጥሎሽና ለተማሪዎች እንዲውል ተናዘዘ።

ከሞቱ በኋላም መጻሕፍቱ ዕረፍት አላገኙም። በ1559 ዓ.ም. በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 4ኛ ዘመን ሁሉም ከተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ገቡ። በ1564 ዓ.ም. ክልከላው ላላ፤ የምሳሌው መጽሐፍ ታርሞ እንዲታተም ተፈቀደ። በ1575 ዓ.ም. በፍሎረንስ የወጣውን የታረመ እትም ያዘጋጀው የአልዶ ማኑዚዮ ልጅ ጳውሎስ ነበር። በሽፋኑ ላይ ግን የኤራስሙስ ስም አልነበረም። የሌሎችን ቃል በየስማቸው ሲሰበስብ የኖረው ሰው፣ የራሱ ስም ከመጽሐፉ ተፋቀ። ሆኖም ምሳሌዎቹ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ለእኛ የሚተርፈው

ጌታችን በናዝሬት ምኵራብ ሲያስተምር ሕዝቡ የሚያውቀውን የባለ መድኃኒቱን ምሳሌ ማንሣቱን ቅዱስ ሉቃስ ጽፎልናል፤ በብሉይ ኪዳንም መጽሐፈ ምሳሌ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ነው። እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር የሕዝቡን ምሳሌ ሲጠቀም በተቀደሰ መንገድ ይሄዳል። ነገር ግን የኤራስሙስ ሕይወት የሚመክረን ነገር አለ። ምሳሌ ሳይከፈት ከተተወ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ በምሬት ከተወረወረ ደግሞ ያቈስላል። በዶቨር የተዘረፈው ወጣት ካህን በቂም ፋንታ ለሁሉ የሚጠቅም መጽሐፍ ሰጠ፤ ያው ሰው በሌላ ጊዜ በሽሙጡ ብዙ ጆሮዎችን ዘጋ። ልዩነቱ በዕውቀቱ ላይ አልነበረም፤ በቃሉ ውስጥ ባለው ፍቅር ላይ ነበር።

በየቁምስናችን ያሉ አረጋውያን አባቶችና እናቶች በልባቸው የያዙት ምሳሌ ከእነርሱ ጋር እንዳይቀበር፣ መምህራን ደብተር ይዘው ይጠይቁአቸው፤ ምሳሌውን ብቻ ሳይሆን መቼና ለማን እንደሚነገርም ይጻፉ። ከዚያም በወንጌል ብርሃን ይመርምሩት፤ ለሰላምና ለዕርቅ የሚሆነውን ለልጆች ያስተምሩ። በሽማግሌዎች አፍ የተቀመጠ የአበው ጥበብ፣ በቅን ልብ ሲነገር፣ ዛሬም የተጣላውን ያስታርቃል፤ የጠፋውንም ይመልሳል። ቸሩ አምላካችን አንደበታችንን ለሰላም ያድርግልን።